አሥር ደቂቃ በ50 ዶላር

ለአራት ዓመት ያህል ቅዳሜ ጠዋት የምነሳው ለአንዲት ሰዓት ብዬ ነበር። ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ካለ አንድ አነስተኛ የሬዲዮ ጣቢያ፣ ከጓደኛዬ ጋር የአማርኛ ፕሮግራም እናስተላልፍ ነበር። ጣቢያው በመስታወት የተለያዩ ሁለት ጠባብ ስቱዲዮዎች አሉት። ሰዓቷን በየወሩ እንገዛታለን። ከእኛ በፊት ያለውን የገዛው በስፓኒሽ የሚሰብክ ፓስተር ነው። ከእኛ በኋላ ያለውን የገዙት ደግሞ የአገራቸውን ሙዚቃ የሚያቀርቡ ሕንዳውያን ባልና ሚስት ናቸው። እኛ በአንዱ ክፍል ስንጨርስ እነሱ በሌላው ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ በመስታወቱ እጅ እንነሳሳለን።

ክፍያው ቅድሚያ ነው። ወር ገብቶ ያልከፈለ ማይክሮፎኑ አጠገብ አይደርስም። ገንዘቡን የምናሰባስበው ከሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ ከእንጀራ ጋጋሪዎች፣ ከትኬት ቢሮዎች፣ ታክስ ከሚሠሩ የሒሳብ ሰዎች ነበር። ማስታወቂያ እንለዋለን እንጂ ግማሹ መዋጮ ነው። አንዲት ባለ ምግብ ቤት እናት ከገንዘብ መሳቢያቸው ሥር ብሮቹን በላስቲክ እንደታሰሩ አውጥተው ይሰጡኝና «ለገበያው ብዬ አይደለም ልጄ፤ ቤቴ ሞልቶ ነው የሚውለው። አማርኛው እንዳይጠፋ ብዬ ነው» ይሉኝ ነበር።

የማልረሳው አንድ ቅዳሜ አለ። በፕሮግራሙ መጨረሻ የምናነበው የሐዘን ማስታወቂያ ነበረን። በከተማው የታወቁ አንድ አባት አርፈዋል። ጓደኛዬ የሟቹን ስም አነበበ፣ የልጆቻቸውን ስም አነበበ፣ «ለቅሶ የሚቀመጡበት ቤት አድራሻ» ሲል ሰዓቱ ሞላ። እዚያ ጣቢያ ሰዓት ሲሞላ የሚቆርጠው ሰው አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው። በጆሮ ማዳመጫዬ ዋሽንት ገባ። ጓደኛዬ አላወቀም፤ አድራሻውን እስከ ዚፕ ኮዱ ድረስ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ለባዶ ክፍል አነበበው።

ስልኬ እስከ ማታ ሲጮኽ ዋለ። አንዲት በድምፃቸው አሮጊት የሆኑ ሴት «ስሙን ሰማሁት፣ ቤቱን ግን ቆረጣችሁብኝ» አሉኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ለጣቢያው ኃላፊ አቤት አልን። ሰውየው ቅን ነው፤ አዝኖልናል። ግን ያቺ ሃያ ሰከንድ የሌላ ሰው መሆኗን ነገረን። እውነቱን ነው፣ ተሽጣለች።

ሰከንድ እንደ መሬት ተቆርሶ የሚሸጥ ነገር የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? እኔ ያደግኩት ሬዲዮ የመንግሥት በሆነበት አገር ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የኤፍኤም ፕሮግራም አዘጋጆች የአየር ሰዓት ተከራይተው ሲሠሩ ይታያል፤ በልጅነቴ ግን አየር ይሸጣል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ያን ሰሞን ስለ አሜሪካ ሬዲዮ አጀማመር ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ።

አጀማመሩ ላይ የአየር ሰዓት የሚሸጥ ሰው አልነበረም። የሚሸጠው ሬዲዮኑ ነው። ፒትስበርግ አጠገብ ዊልኪንስበርግ በምትባል መንደር ፍራንክ ኮንራድ የሚባል የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ መሐንዲስ ከጋራዡ ሆኖ ሸክላ እያጫወተ በአየር ይለቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 በከተማው ያለ ሆርንስ የተባለ ትልቅ መደብር «የኮንራድን ሙዚቃ መስሚያ መሣሪያ ከ10 ዶላር ጀምሮ እንሸጣለን» የሚል ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ አወጣ። ያንን ያነበበው የዌስቲንግሃውስ ምክትል ፕሬዚዳንት ሃሪ ዴቪስ ነገሩ ወዲያው ገባው፤ በየቀኑ የሚሰማ ነገር ካለ ሰው መስሚያውን ይገዛል። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ኬዲኬኤ የተባለው ጣቢያቸው የሃርዲንግንና የኮክስን የፕሬዚዳንትነት ምርጫ ውጤት እየተከታተለ አስተላለፈ። በሁለት ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ከ500 በላይ ጣቢያዎች ፈቃድ አወጡ። ጋዜጦች፣ መደብሮች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ቤተ ክርስቲያኖች፣ ዶሮ አርቢዎች ሳይቀሩ።

ግን ሬዲዮኑ አንዴ ተሸጦ ካለቀ በኋላ ፕሮግራሙን ማን ይቀልበዋል? ይህን ጥያቄ ሰዎቹ እንዴት በቅንነት እንደተከራከሩበት ሳነብ ገርሞኛል። ከሚንስክ አጠገብ ካለች መንደር በ9 ዓመቱ ኒው ዮርክ መጥቶ ጋዜጣ እያዞረ ያደገው ዴቪድ ሳርኖፍ፣ ያኔ አርሲኤ የተባለው የሬዲዮ ኩባንያ ሰው ነበር። በ1922 በጻፈው ደብዳቤ ሬዲዮ የሚሠሩ ኩባንያዎች ከሽያጫቸው 2 በመቶ እያዋጡ ለትርፍ ያልቆመ የስርጭት ድርጅት ያቁሙ አለ። የንግድ ሚኒስትሩ ኸርበርት ሁቨር በዚያው ዓመት በጠሩት ጉባኤ ላይ ይህን የመሰለ የሕዝብ አገልግሎት በማስታወቂያ ወሬ ይሰጥማል ብሎ ማሰብ እንደማይቻል ተናገሩ። በ1924 «ሬዲዮ ብሮድካስት» የተባለው መጽሔት «ስርጭቱን ማን ይክፈልለት? እንዴትስ?» ብሎ 500 ዶላር የሚያሸልም ውድድር አወጣ። አሸናፊው ሐሳብ በሬዲዮ አምፖሎች ላይ ቀረጥ ይጣል የሚል ነበር። እንግሊዞች በበኩላቸው ባለ ሬዲዮው ሁሉ ለፈቃድ በዓመት 10 ሺሊንግ ይክፈል ብለው ቢቢሲን አቋቋሙ።

አሜሪካ ውስጥ የጸናው መልስ የመጣው ከስልክ ኩባንያው ከኤቲ ኤንድ ቲ ነው። የስልክ ሰዎች ስለሆኑ ያሰቡትም እንደ ስልክ ሰው ነው። የሕዝብ ስልክ ዳስ ውስጥ ገብተህ ሳንቲም ከፍለህ ትናገራለህ፤ ምን እንደምትናገር ኩባንያውን አያገባውም። ሬዲዮም እንዲሁ ይሁን አሉና ደብሊውኢኤኤፍ የተባለ ጣቢያ ኒው ዮርክ ላይ ከፈቱ። መጀመሪያ ላይ የሚገባ ጠፋ። ነሐሴ 28 ቀን 1922 ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ገባ። ኩዊንስቦሮ የተባለ የቤት ሠሪ ኩባንያ ወኪል ነው። ኩባንያው ለጣቢያው 50 ዶላር ከፍሎለት ለ10 ደቂቃ ተናገረ። ከተማው ተጨናንቋል፤ ለልጆቻችሁ ንጹሕ አየርና ሣር ያለበት ቦታ ፈልጉ፤ ጃክሰን ሃይትስ ላይ ሆቶርን ኮርት የሚባል አፓርታማ ሠርተንላችኋል አለ።

ከኒው ዮርክ ዘመዶቼ ጋር በሰነበትኩበት ጊዜ በ7 ቁጥር ባቡር ሄጄ ሰፈሩን አየሁት። ቀይ ጡብ፣ በመካከሉ አጥር ውስጥ የተደበቀ የአትክልት ቦታ። ከባቡሩ ድልድይ ሥር በቤንጋሊ፣ በስፓኒሽ፣ በቲቤትኛ ይነገዳል፤ የሞሞ ሽታ ከአሬፓ ሽታ ይደባለቃል። አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ያን ጊዜ ኩዊንስቦሮ በሠራቸው ቤቶች ጥቁሮችና አይሁዶች እንዲገቡ አይፈቀድም ነበር። በአሜሪካ ሬዲዮ የተሸጠው የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ የተገዛው እኔን የመሰለ ሰው ሊኖርበት የማይችለውን ቤት ለማስተዋወቅ ነው። ከጡቡ አጥር ፊት ቆሜ ይህን ሳስብ ያቺ የእኛ የቅዳሜ ሰዓት በዐይኔ ላይ ተለወጠችብኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። አስተዋዋቂዎች በቀጥታ «ግዙኝ» ማለቱን ስላፈሩ ስማቸውን ለሙዚቀኞች ሰጡ። የባትሪ ፋብሪካ ስም የያዘ የሙዚቃ ሰዓት፣ የለስላሳ መጠጥ ስም የያዘ ባንድ መጣ። በ1926 ኤቲ ኤንድ ቲ ደብሊውኢኤኤፍን ለአርሲኤ በ1 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ከስርጭት ወጣ፤ ጣቢያዎቹን የሚያገናኘውን የስልክ መስመር ማከራየቱን ግን አልተወም። በዚያው ዓመት ኅዳር 15 ኤንቢሲ የተባለው የጣቢያዎች መረብ (ኔትዎርክ) ሥራ ጀመረ። ትርፍ የሌለው ድርጅት እንዲቋቋም ይመኝ የነበረው ሳርኖፍ ያንን ግዙፍ የንግድ ቤት ከገነቡት አንዱ ሆነ። እዚህ ላይ አልፈርድበትም፤ 2 በመቶ የሚያዋጣ አላገኘም።

ሌላው ሰው ዊልያም ፔሊ ነው። የፊላደልፊያ ሲጋር ነጋዴ ልጅ። የአባቱ ሲጋር ሬዲዮ ላይ ሲተዋወቅ ሽያጩ እንዴት እንደጨመረ በዐይኑ አየና በ1928፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ ሊከስር የደረሰ ትንሽ ኔትዎርክ ገዛ። ሲቢኤስ የሚባለው እሱ ነው። ፔሊ የፈጠረው ብልሃት ይህ ነው፦ ለየከተማው ጣቢያ ስፖንሰር የሌለውን ፕሮግራም በነጻ ይሰጣል፤ በምትኩ ስፖንሰር ሲመጣ የሚፈልጋትን ሰዓት ከጣቢያው ላይ ይወስዳል። ሰዓት ከገንዘብ በላይ መሆኗን ከማንም ቀድሞ ተረድቷል።

መንግሥትስ? በ1927 የወጣው ሕግ ሞገዱ የሕዝብ ነው፤ ጣቢያዎች ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት የላቸውም አለ። ቃሉ ያምራል። በማግስቱ ዓመት ግን በሕጉ የተቋቋመው አዲሱ የሬዲዮ ኮሚሽን ሞገዶችን እንደገና ሲደለድል ጥሩ ጥሩውን ለትልልቆቹ የንግድ ጣቢያዎች ሰጠ፤ ብዙ የዩኒቨርሲቲና የቤተ ክርስቲያን ጣቢያዎች በደካማ ኃይል ለጥቂት ሰዓት ብቻ እንዲሠሩ ተገፍተው ቀስ በቀስ ተዘጉ። በ1934 ዋግነርና ሃትፊልድ የተባሉ ሁለት ሴናተሮች ከሞገዱ ሩቡ ለትርፍ ላልቆሙ ይመደብ የሚል ማሻሻያ አቀረቡ። በ42 ለ23 ድምፅ ወደቀ። የአሜሪካ ሬዲዮ የማን እንደሚሆን የተወሰነው ያን ቀን ይመስለኛል። ብዙ የታሪክ ጽሑፎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ እኔ ግን ያን 23 ድምፅ ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ታዲያ አየር ለከፈለ ብቻ ከሆነ ድሃው፣ ጥቁሩ፣ ቋንቋው ሌላ የሆነው ሁሉ ዝም ብሎ ቀረ? ጃክ ኩፐርን ያገኘሁት ይህን ስጠይቅ ነው።

ኩፐር በ1888 ሜምፊስ ተወልዶ በድህነት ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቦክስ ሞክሯል፣ መድረክ ላይ ሠርቷል፣ ጋዜጣ ላይ ጽፏል። በ1920ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ዋሽንግተን መጥቶ ደብሊውሲኤፒ በተባለው የስልክ ኩባንያው ጣቢያ ላይ የተለያዩ ድምፆችን እያስመሰለ ያስቅ ነበር። የዘር መለያየት በነገሠበት በዚያ ዘመን ያን በር የሚያልፈው ሊያስቅ ከመጣ ብቻ ነው፤ በገዛ ድምፁ ለገዛ ሕዝቡ የሚናገርበት ሰዓት አልነበረውም። ወደ ቺካጎ ሲሄድ ደብሊውኤስቢሲ የሚባል ትንሽ ጣቢያ አገኘ። ጣቢያው ሰዓቱን ለስደተኛ ማኅበረሰቦች እየቸረቸረ ይሸጥ ነበር። ኩፐር ለእሑድ አንድ ሰዓት ወሰደ። ኅዳር 3 ቀን 1929 «የጥቁሮች ሰዓት» ብሎ ጀመረ። የዎል ስትሪት ገበያ ከወደቀ ሳምንት እንኳ አልሞላውም።

ያን ዓመት አገሩ ሁሉ የሚያዳምጠው ሁለት ነጮች የጥቁሮችን አነጋገር እያስመሰሉ የሚያቀርቡትን፣ በጥርስ ሳሙና ኩባንያ ስፖንሰርነት የሚተላለፈውን የኤንቢሲ ድራማ ነበር። ኩፐር ግን ጥርት ባለ፣ በተለመደው የሬዲዮ አንባቢ እንግሊዝኛ ተናገረ። የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን አመጣ፤ የጥቁሮችን ዜና አነበበ። የፒያኖ ተጫዋቹ ክፍያ ጠይቆ ትቶት ሲሄድ ከቤቱ የሸክላ ማጫወቻ አምጥቶ ማይክሮፎኑን አስጠግቶ አጫወተ ይባላል። ማስታወቂያውን የሚሸጠው ራሱ ነው፤ ከባለ ሱቅ ወደ ባለ ሱቅ፣ ከቀብር አስፈጻሚ ወደ ልብስ ሰፊ። ባለቤቱ ገርትሩድም አብራው ትሠራ ነበር። ይህን ሳነብ በላስቲክ የታሰሩት ብሮች ትዝ አሉኝ።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። በ1938 ኩፐር የጠፉ ሰዎች መፈለጊያ ፕሮግራም ጀመረ። ከደቡብ ወደ ቺካጎ በጎረፈው ሕዝብ መካከል ወንድም ከወንድም፣ እናት ከልጅ ተጠፋፍቷል። ኩፐር ስማቸውን ያነባል። የት እንደተለያዩ፣ መጨረሻ የታዩበትን ከተማ፣ የሚታወቁበትን ምልክት ይናገራል። ብዙዎች ተገናኝተዋል። የተገዛች ሰዓት ከዚህ የበለጠ ምን ልትሠራ ትችላለች?

ኩፐር ብቻውን አልነበረም። ኒው ዮርክ ላይ የሠራተኛው መሪ የዩጂን ዴብስ ስም መነሻ ፊደላት የያዘው ደብሊውኢቪዲ ጣቢያ በዪዲሽና በሌሎች የስደተኛ ቋንቋዎች ለአሥርት ዓመታት አስተላልፏል። አትላንታ ላይ በ1949 ጄሲ ብሌይተን የተባለ ጥቁር የሒሳብ ባለሙያ ደብሊውኢአርዲ የተባለውን ጣቢያ በ50 ሺህ ዶላር ገዛ፤ በጥቁር ሰው ባለቤትነት የተያዘ የመጀመሪያው የአሜሪካ ጣቢያ ነው። ያ አሥር ደቂቃ ከተሸጠ 27 ዓመት በኋላ፣ ሰዓት ሳይሆን ጣቢያው ራሱ ተገዛ።

እዚህ ላይ ሐሳቤ ሁለት ይሆንብኛል፤ ሁለቱንም ከልቤ እላቸዋለሁ። የእንግሊዞቹ መንገድ የተሻለ ክብር ነበረው፤ ሁሉም ትንሽ ይከፍላል፣ ሁሉም ይሰማል። ግን ከላይ ሆኖ ለሕዝቡ የሚበጀውን የሚመርጥ አንድ ቤት ብቻ ሲኖር፣ ኩፐርን የመሰለ ሰው አንድ ሰዓት ስጡኝ ብሎ የሚያንኳኳው በር የለውም። የአሜሪካው ገበያ ጨካኝ ነው፤ ጥጉ ላይ ግን ጠባብ በር ተረስታ ተከፍታ ቀርታለች። እኛም የገባነው በእሷ ነው።

ቴሌቪዥን ሲመጣ ያቺም በር ጠበበች። ምስሉን በኤሌክትሮን ጨረር መስመር በመስመር መጻፍ እንደሚቻል አስቦ በተግባር ያሳየው ፋይሎ ፋርንስወርዝ የሚባል የአይዳሆ የገበሬ ልጅ ነው። በ14 ዓመቱ የታረሰ የድንች ማሳ ትልም እያየ እንዳሰበው ይነገራል። መስከረም 7 ቀን 1927፣ በ21 ዓመቱ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል በምስል አሳለፈ። አርሲኤ ለዓመታት ተሟግቶት በ1939 የፈጠራ መብቱን ለመጠቀም 1 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍለው ተስማማ። ይሁንና ጦርነት መጣ፣ የመብቱ ዘመን አለፈ፤ ሲሞት ሀብታም አልነበረም። በ1957 አንድ የቴሌቪዥን ጥያቄና መልስ ላይ ምስጢራዊ እንግዳ ሆኖ ቀረበ፤ ማንነቱን ያወቀው አልነበረም። 80 ዶላርና የስፖንሰሩን ሲጋራ ይዞ ወጣ።

የንግድ ቴሌቪዥን የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1941 ነው። ያን ቀን ቡሎቫ የተባለው የሰዓት ፋብሪካ ከቤዝቦል ጨዋታ በፊት የሰዓት ምስል አሳየ፤ የከፈለው 9 ዶላር ብቻ ነው። ዋጋው እንዲያ አልቀረም። በ1950 ከመቶ የአሜሪካ ቤት ቴሌቪዥን የነበረው ዘጠኙ ነው፤ በ1960 ወደ ዘጠና ተጠጋ። ከ1948 እስከ 1952 የሬዲዮውን ኮሚሽን የተካው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አዲስ ፈቃድ መስጠት ስላቆመ፣ ቀድመው የገቡት 108 ጣቢያዎች ገበያውን ለብቻቸው ያዙት። ናት ኪንግ ኮል በአገሩ ከሚወደዱት ዘፋኞች አንዱ ሆኖ በ1956 በኤንቢሲ የራሱን ፕሮግራም ሲጀምር፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ስፖንሰር የሚሆነው ኩባንያ ጠፋ። ዓመት ያህል ታግሎ በ1957 መጨረሻ ተወው። ሬዲዮ ላይ ኩፐር ከልብስ ሰፊና ከቀብር አስፈጻሚ ለቅሞ ሊከፍል ችሏል፤ ቴሌቪዥንን ግን እንደዚያ ተለቅሞ በመጣ ገንዘብ መክፈል አይቻልም።

አንዲት ሴት ብቻ ልጥቀስ። ፍሪዳ ሄኖክ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ በልጅነቷ የመጣች ጠበቃ፣ በኮሚሽኑ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ኮሚሽነር። ፈቃዱ በቆመባቸው በእነዚያ ዓመታት ለትምህርት የሚሆን ቻናል ይለይ ብላ ስትሟገት ቆየች። በ1952 ለትምህርት 242 ቻናሎች ተለዩ። በ1934 በ42 ለ23 የወደቀው ነገር በከፊልም ቢሆን በእሷ ተነሳ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሐበሻ ልጆች ያለ ማስታወቂያ የሚያዩት የልጆች ፕሮግራም መንገዱን ያገኘው በዚያ ነው።

የእኛ ፕሮግራም አሁን የለም። የሰዓቷ ዋጋ ከአቅማችን በላይ ሆነ፤ አድማጩም ወደ ስልኩ ሄደ። ያኔ ግን ከዚያ ለቅሶ በኋላ የሐዘን ማስታወቂያውን ወደ መጀመሪያ አመጣነው። ከሰላምታ በፊት ስም፣ ከስም ቀጥሎ የለቅሶው ቤት አድራሻ፣ ሁለት ጊዜ። በመካከል መርዶ የሚመጣበት ቀን ግን ነበር፤ በሃምሳኛው ደቂቃ ስልክ ይደወላል።

ሕንዳዊው ሰውዬ ያ ቅዳሜ ምን እንደተፈጠረ ዘግይቶ ከኃላፊው ሰማ። ኮሪደሩ ላይ አስቆመን። የገባው ዋሽንት የእሱ ስለነበር ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታ የሚያስጠይቀው አንዳች ነገር አልነበረም። ከዚያ፣ ሞት ከመጣባችሁ ከእኔ ሰዓት የመጀመሪያዋን ደቂቃ ውሰዱ አለን። ሁለት ጊዜ ወስደናል። ጓደኛዬ ወረቀቱን ይዞ ኮሪደሩን በሩጫ ይሻገራል፤ ሴትየዋ ከወንበሯ ተነስታ ማይክሮፎኑን ታዞርለታለች፤ በእነሱ ሰዓት፣ በእነሱ ዋሽንት ፊት፣ በአማርኛ የለቅሶው ቤት አድራሻ ይነበባል።